ክረምቱ ሲወጣ በሞቃት ከተማ ጓሮ ምን ይተከል? ምንስ ይቅር?

በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር ወይም በድሬዳዋ ጓሮ ላለው ሰው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ወራት የዓመቱ ምርጥ የአትክልት ጊዜ ናቸው። አፈሩ የክረምቱን እርጥበት ይዟል፣ ሰማዩ ተገልጧል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ማለት ጀምሯል፤ በዝናቡ የተዛመተው የቅጠል በሽታም እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ብዙ አይቆይም። ጥቅምት ሲጋመስ ዝናቡ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ እስከ በልግ ድረስ የተከላችሁት ሁሉ የሚኖረው በእጃችሁ በምታጠጡት ውሃ ነው። ስለዚህ እዚህ አንዱን አትክልት ከሌላው ስናወዳድር ከምርቱ አስቀድመን የምናየው የሚጠጣውን ውሃ ነው።

ከተማችሁ ምን ያህል ሞቃት ነው?

ሞቃት የሚባሉት ከተሞች ሁሉ አንድ አይደሉም። አዳማና ሐዋሳ 1,700 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። በእነዚህ ቀኑ ቢሞቅም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ያስደርባል፤ ጎመኑም፣ ካሮቱም፣ ሰላጣውም ይሆናል። ድሬዳዋና አርባ ምንጭ 1,200 እና 1,300 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ብርድ ለሚወዱት አትክልቶች መስከረም ገና ስለሚሞቅ ሰላጣና ካሮትን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ማቆየት ያዋጣል። መተሐራ፣ ጋምቤላና ሰመራ ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆኑ ምርጫቸው ሌላ ነው፤ መጨረሻ ላይ ለብቻው አቅርበነዋል።

የአርባ ምንጭና የኮንሶ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። የእናንተ ዋና ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሌላው አገር ሲደርቅ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። ስለ ውሃ ቁጠባ የምንለው ለእናንተ የሚሠራው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው።

ውሃችሁን በጀሪካን ቁጠሩ

በደረቁ ወራት በአትክልት የተሸፈነ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 6 ሊትር ውሃ ይጠጣል። መካከለኛውን ይዘን 5 ሊትር ብንል፣ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን የሚበቃው ለ4 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ አንድ መደብ በቀን አንድ ጀሪካን ይፈልጋል ማለት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ያን መደብ ለ10 ቀን ያኖራል። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ የመደባችሁን ስፋት የሚወስነው የመሬቱ ስፋት ሳይሆን በርሜሉ ነው።

ይህን ሒሳብ በአትክልቶቹ ላይ ስታሳርፉት ምርጫው ይጠራል። ጥቅል ጎመን ከተዛወረ በኋላ 80 ወይም 85 ቀን ይቆያል፤ በአንድ ካሬ ሜትር የሚይዘው 4 ራስ ብቻ ነው። በግርድፉ 400 ሊትር ለ4 ራስ፤ አንዱ ራስ አምስት ጀሪካን ጠጥቶ ይቆረጣል፤ በዚያው ያልቃል። ቆስጣም በቀን የሚጠጣው ያንኑ ያህል ነው፤ ግን ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ለወጥ የሚበቃ ቅጠል እየሰጠ ወራት ይዘልቃል። ውሃ እየተሸከማችሁ የምታጠጡ ከሆነ ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልጋችሁም።

አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ለጓሮ ይሆናል። ኦሞና በረኪና የገባበትን ግን አትጠቀሙ፤ አፈሩን ያበላሻል፤ ጥሬውን ለሚበላ እንደ ሰላጣ ላለ ቅጠል ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ቅጠል፦ ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ወይስ ሰላጣ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚተክል ሰው የምንመርጠው ቆስጣን ነው። ሙቀትም፣ ትንሽ የውሃ መቆራረጥም ይችላል። ከቀይ ስር ጋር አንድ ቤተሰብ በመሆኑ ጨው ያለበትን ውሃና አፈር ከአብዛኞቹ አትክልቶች በተሻለ ይቋቋማል፤ ውሃው ከባድ ለሆነበት ለድሬዳዋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዘሩን ሌሊቱን ነክራችሁ፣ በ2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመስመሮች መካከል 35፣ በተክሎች መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ዝሩት። አንዱ ፍሬ ሲበቅል ሁለት ሦስት ሆኖ ቢወጣ አትደነቁ፤ የቆስጣ ፍሬ ብዙ ዘር የተጣበቀበት ነው። ቁመታቸው ጣት ሲያህል ጠንካራዋን ትታችሁ ሌሎቹን ከሥር በመቀስ ቁረጡ። ብትነቅሏቸው የቀረችዋን ሥር ያናጋሉ። ለቀማው የሚጀምረው በ45 እና በ50 ቀን መካከል ነው። ከዳር ያለውን ትልቅ ቅጠል ከግንዱ ጋር በጎን ሰብራችሁ ውሰዱ፤ መሐል ያሉትን አራት አምስት ቅጠሎች አትንኩ። ቆስጣ የሚሞተው ባለቤቱ ቸኩሎ መሐሉን ሲላጨው ነው። ቅጠሉ ላይ ጠርዛቸው የቀላ ክብ ነጠብጣቦች ካያችሁ የታመሙትን ለቅማችሁ አውጡ፤ ውሃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ አፍስሱ።

የሐበሻ ጎመን ከቆስጣ ይፈጥናል። ተዘርቶ በ30 እና በ40 ቀን መካከል የመጀመሪያውን ቅጠል ትበላላችሁ። ዘሩ ርካሽ ነው፤ ችግኝ ሳያስፈልገው በቀጥታ ይዘራል። ጥቂት ዘር ከጥዋ ሙሉ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ብትዘሩት ሳይከማች ይወጣል። ድካሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውሃ ሲጎድለውና ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ግንድ አውጥቶ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ አየሩ ሲደርቅ ክሽክሽ ይወረዋል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡና እዩ፤ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነገር ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ገና ጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ያንን ቅጠል ቆርጣችሁ ከግቢ አውጡ፤ የቀረውን በጠንካራ ውሃ እጠቡት። ከተስፋፋ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ወደ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ የቅጠሉን ጀርባ እስኪርስ ርጩ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ድገሙት። በእኩለ ቀን ሳሙና የተረጨ ቅጠል ይቃጠላል።

ውሃው ችግር ካልሆነና ቤተሰቡ ጎመን የሚወድ ከሆነ ሁለቱንም ትከሉ፤ ጎመኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቆስጣው ጎመኑ ሲያብብ ይረከበዋል።

ጥቅል ጎመንን የምንመክረው እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሌሊቱ ለሚበርድበትና ቧንቧ በግቢ ላለው ብቻ ነው። ራሱን በደንብ የሚጠቀልለው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው አየር ነው፤ ከ25 ሲያልፍ ይልላል። ኮፐንሃገን ማርኬት የሚባለው ዝርያ ራሱ ትንሽ፣ ቶሎ የሚደርስ በመሆኑ ለጓሮ ይሻላል። ሲደርስ ውሃ አቋርጣችሁ ድንገት ብታጥለቀልቁት ራሱ ይሰነጠቃል።

ሰላጣ በ50 ቀን ስለሚደርስ በውሃም በጊዜም ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ገና ከዘሩ ይሸነፋል። አፈሩ ከ28 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሰላጣ ዘር ይተኛል እንጂ አይበቅልም። ዘሩ ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል፤ ጥፋቱ ግን የሙቀቱ ነው። መፍትሔው ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር፣ ፍሪጅ ከሌለ ከውሃ እንስራ ሥር ማስቀመጥ፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ መዝራት ነው። ብዙ አፈር አታልብሱት፤ ብርሃን ስለሚፈልግ በእጅ ጫን ጫን አድርጋችሁ ስስ አፈር ብቻ ነስንሱበት። እስኪበቅል ድረስ ከላዩ የሣር ወይም የቅጠል ዳስ ሥሩለት። ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሜትር መስመር ብትዘሩ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።

ቲማቲም ወይስ ቃሪያ?

ሁሉም ሰው መትከል የሚፈልገው ቲማቲምን ነው፤ በዚህ ወቅት ከሁሉ በላይ የሚያለፋውም ቲማቲም ነው። አዋጭነቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሌሊቱ፣ ትሉና የውሃው መደበኛነት።

የቲማቲም አበባ ፍሬ የሚይዘው ሌሊቱ በጣም ሳይበርድም በጣም ሳይሞቅም ሲቀር ነው። ከ13 ዲግሪ ሲወርድም፣ ከ24 ሲያልፍም አበባው ይረግፋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ በመስከረም የሚያብብ ቲማቲም አበባውን ሲጥል፣ በጥቅምት ተዛውሮ በኅዳር መጨረሻ ያበበው ፍሬ ይይዛል። በአዳማና በሐዋሳ በተቃራኒው መቸኮል ይሻላል፤ ችግኙ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ቢዛወር የታኅሣሥ ብርድ ሳይጠነክር ያብባል።

ዝርያውን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። ሮማ ቪኤፍና ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጣው መልካሾላ ቁመታቸው ውስን ነው፤ ፍሬያቸውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰጥተው ይጨርሳሉ፤ አጭር ድጋፍ ይበቃቸዋል፤ ለስልስና ለማስቀመጥም ይመቻሉ። እንደ መኒ ሜከር ያሉት ረጃጅሞቹ ግን እየወጡ ለወራት ያፈራሉ፤ 1 ሜትር ከ80 የሚሆን እንጨት፣ ገመድና በየሳምንቱ የጎን ቅርንጫፍ መልቀም ይፈልጋሉ። ጊዜ ለሌለው ሰው አጭሩን፣ ቦታ ለሌለው ሰው ረጅሙን እንመርጣለን። ርቀታቸው በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግኙ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሆኖት ቁመቱ ስንዝር ሲሞላ፣ ወደ 11 ሰዓት ላይ፣ ግንዱ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች አፈር ውስጥ ገብቶ ይተከላል። የተቀበረው ግንድ ተጨማሪ ሥር ያወጣል።

ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትል ወደ አገራችን የገባው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በደረቁ ወራት ቲማቲም መትከል እንደ ድሮው አይደለም። እንዴት እንደሚታወቅ እዩ። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ስታዩት፣ ውስጡ ተበልቶ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰፋ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ፤ በውስጡ ጥቁር ፍርፋሪ አለ፤ እሱ የትሉ ኩስ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ትሉም አረንጓዴ ክር መስሎ ይታያል። ጠባብ፣ ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ከሆነ ሌላ ዓይነት ቅጠል በል ነው፤ ያ ብዙም አይጎዳም። የቱታው ምልክት ያለበትን ቅጠል በየሁለት ቀኑ ለቅማችሁ በላስቲክ ከረጢት አሥራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ኮምፖስት ውስጥ ከጣላችሁት ቢራቢሮ ሆኖ ይመለሳል። በጓሮ ስድስት ሰባት እግር ላላችሁ በእጅ መልቀም ከመርጨት ይሻላል፤ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚበላ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት በደንብ አያገኘውም።

ድሬዳዋ ላይ በየመንገዱ የኒም ዛፍ ስላለ ለዚህም ለክሽክሹም መጠቀም ይቻላል። 50 ግራም የደረቀ የኒም ፍሬ አስኳል ወቅጣችሁ በ1 ሊትር ውሃ ሌሊቱን አሳድሩ፤ በነጠላ አጥልላችሁ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ሳሙና ጨምራችሁ በማግሥቱ ምሽት ርጩት። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያጠፋው ከተጠለለ በኋላ ሲያድር አይሠራም፤ በየሳምንቱ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል።

የፍሬው ታች ጠቁሮ ወደ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል። በሽታ አይደለም። ሦስት ቀን ደርቆ በአራተኛው የተጥለቀለቀ ተክል ካልሲየም ወደ ፍሬው ማድረስ አይችልም፤ የጠቆረው ለዚህ ነው። ውሃውን እኩል እኩል አድርጉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬ ይድናል።

ቃሪያ ከዚህ ሁሉ ያርፋል። ቱታም ብዙ አይደፍረውም፤ አምስት ስድስት እግር ለአንድ ቤት ይበቃል፤ ለወራት ይለቀማል። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ችግኙ ከ50 እስከ 60 ቀን ስለሚፈጅ በነሐሴ ያልዘራ ሰው በመስከረም ችግኝ ቢገዛ ይሻለዋል። ሥሩ ላይ ውሃ ሲቆም ደግሞ ትናንት ደህና የነበረው ተክል ዛሬ ይጠወልጋል፤ ውሃ የጠማው መስሏችሁ ስትጨምሩለት ይሞታል። ስለዚህ ቲማቲም በጉድጓድ ሲተከል ቃሪያ በከፍታ፣ በቦዩ ትከሻ ላይ ይተከል። ማረቆ ፋና ለደረቅ በርበሬ የሚሆን ዝርያ ነው፤ ለጓሮ ቃሪያ ቀጭኑና ረጅሙ ይመቻል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያጠጣና በሳምንት ቀኑ መሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው ከሁለቱ ቃሪያን እንመርጣለን፤ ምንም ማመንታት የለብንም።

ሽንኩርት በጓሮ ያዋጣል?

ለአብዛኛው ግቢ አያዋጣም። ሽንኩርት በመደቡ ላይ በ20 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል በ3 ካሬ ሜትር 150 እግር ይይዛል። አንዱ ራስ 70 ግራም ቢሞላ ከ10 ኪሎ ትንሽ ያለፈ ነው። በሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል ለሚያቁላላ ቤት ይህ የአንድ ወር ሽንኩርት ነው፤ ለዚያም ችግኙ ከ45 እስከ 55 ቀን፣ መደቡ ላይ ደግሞ ከ90 እስከ 110 ቀን ይቆያል። መደቡን በያዘበት ጊዜ በዚያ ቦታ ሁለት ዙር ሰላጣ ይወጣ ነበር። ቦታና ውሃ የተረፈው ግን ይትከል፤ ጊዜው ራሱ ጥሩ ነው፤ በመስከረም የተዘራው በደረቅ አየር ስለሚደርስ ሳይበሰብስ ይቀመጣል።

ከተከላችሁ ቦምቤ ሬድ ወይም አዳማ ሬድ ይሁን። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ በሻንጣ የሚልከው ያማረ የሽንኩርት ዘር እዚህ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው፦ ከእነዚያ አገሮች ብዙዎቹ ዝርያዎች ራስ የሚያወጡት ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲረዝም ነው። የእኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ቅጠሉ ያምራል፣ ይወፍራል፤ ከሥሩ ግን ራስ የለም። ቆስጣና ሰላጣ ከሆነ ይላኩላችሁ፤ ሽንኩርት አይላኩ።

የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል። ከመዝራታችሁ በፊት 20 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ በስምንት ቀን 14ቱ ካልበቀሉ ወይ አብዝታችሁ ዝሩ ወይ ሌላ ግዙ።

ካሮትና ቀይ ስር

ቀይ ስር ይቀላል። ተዛውሮም ይጸድቃል፣ ቅጠሉም ይበላል፣ በ60 እና በ80 ቀን መካከል ይደርሳል። ካሮት ግን በቀጥታ መዘራት አለበት፤ ከተዛወረ ይጠማዘዛል። ትኩስ ፍግ ካገኘ እንደ ጣት ይከፋፈላል። ዋናው ችግሩ መብቀሉ ላይ ነው፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ የላይኛው አፈር ለአንድ ቀን ከደረቀ የበቀለው ዘር ይሞታል። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ ጠዋትና ማታ ጆንያውን አርጥቡ፤ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ክር ስትታይ በዚያው ምሽት አንሡት። አንድ ቀን የዘገየ ሰው ችግኙን ከጆንያው ጋር ይነቅለዋል። አፈራችሁ ከባድ ከሆነ ናንት የሚባለውን ዝርያ ትታችሁ አጭሩንና ወፍራሙን ሻንተኔይ ምረጡ።

መደብ፦ ከፍ ያለ፣ ዝቅ ያለ ወይስ ጆንያ?

በኢንተርኔት የሚታየው ሁሉ ከፍ ያለ መደብ ነው፤ በእንጨት ታጥሮ ያምራል። ዝናብ ለሚበዛበት ወቅትና ውሃ ለሚያቁር መረሬ አፈር ትክክል ነው። በደረቁ ወራት ግን ከአራቱም ጎን ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል። ከጥቅምት በኋላ ለአዳማና ለድሬዳዋ ልል አፈር የሚሻለው ዝቅ ያለው ነው። ወርዱን 1 ሜትር አድርጋችሁ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ፣ የወጣውን አፈር ዙሪያውን እንደ ትንሽ ግድብ አድርጉት። ውሃው ሳይሸሽ በቦታው ይሰርጋል፣ ችግኙም ከነፋስ ይጠለላል። በአርባ ምንጭ፣ ሁለተኛው ዝናብ ሳያበቃ፣ ከፍ ያለውን ተጠቀሙ። መረሬ ላይ ላሉት ደግሞ መካከለኛው መንገድ ይሻላል፦ ደልዳላ መደብ ሠርታችሁ በጭድ ሸፍኑት፤ መረሬ ተራቁቶ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል።

ጭዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍር፤ ከግንዱ ግን አራት ጣት ራቅ ይበል፤ አለዚያ ምስጥና ቆራጭ ትል ይሸሸጉበታል። ጠዋት ላይ ችግኝ ከአፈሩ ጋር እኩል ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁ አጠገቡ ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር አድርጉ፤ ተጠቅልሎ የተኛ ወፍራም ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። የሶፍት ካርቶን ቀለበት በችግኙ ዙሪያ ግማሹን ቀብራችሁ ብታቆሙለት አይደርስበትም።

መሬት ለሌለው ተከራይ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ አለ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀል። ሥሩና ክዳኑ የወጣ የወተት ቆርቆሮ መሐል አቁማችሁ ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን አፈር ሙሉ፤ ቆርቆሮውን ሳብ አድርጋችሁ እንደገና ሙሉ፤ እንዲህ እያላችሁ እስከ አፉ ስትደርሱ መሐሉ የጠጠር ምሰሶ ይሆናል። ውሃው በእሱ በኩል እስከ ሥር ይወርዳል። ያለ ምሰሶው የላይኛው ይጨቀያል፣ የታችኛው ይደርቃል፤ ጆንያ አይሆንም የሚሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያዩት ይህንን ነው። ጎኑን በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት እየበሳችሁ ቆስጣ ወይም ጎመን ትከሉ። ካሮትና ጥቅል ጎመን ለጆንያ አይሆኑም። በጠዋት ፀሐይ፣ በከሰዓት ጥላ በኩል አስቀምጡት። የተጣለ ጎማ ውስጥ መትከል በሞቃት ከተማ አንመክርም፤ ጥቁሩ ጎማ ሥሩን ይቀቅለዋል።

ማጠጣትና ማዳበሪያ

ችግኝ እስኪጸድቅ፣ ለሰባት ስምንት ቀን፣ በየቀኑ ይጠጣ። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሁለት ቀን አንዴ በካሬ ሜትር 10 ሊትር አጥልቆ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይከተለዋል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ክተቱ፤ እዚያ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። ጊዜው ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው።

ለቲማቲም የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ ይሠራል። ክዳኑን በሞቀ መርፌ ሁለት ቦታ ብሱ፤ ታቹን ቁረጡ፤ ገልብጣችሁ ከግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቅበሩት። ድሬዳዋ ላይ ግን የውሃው ኖራ ቀዳዳውን በሁለት ሳምንት ይደፍነዋል፤ ክዳኑን በየሳምንቱ አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ሰው በጣሳ ቢያጠጣ ይሻለዋል፤ የተደፈነ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ስለሚታይ ያታልላል።

የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት በካሬ ሜትር ሁለት አካፋ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። የበሰለ ፍግ አይሸትም፣ አይሞቅም፣ ገለባው አይለይም። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፤ የዶሮው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ዩሪያ ለቅጠላ ቅጠሎች ይጠቅማል፤ በካሬ ሜትር ሁለት የለስላሳ ክዳን ብቻ፣ ከተዛወረ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጎ በአፈር ሸፍኖ ወዲያው ማጠጣት። ቲማቲም ሲያብብ ዩሪያ የሚጨምር ሰው የሚያገኘው የቅጠል ጫካ ነው።

ከ1,000 ሜትር በታች

በመተሐራ፣ በጋምቤላና በሰመራ ከጥቅል ጎመንና ከሰላጣ ጋር ግብግብ አትግጠሙ። ለቅጠል ሽፈራው ትከሉ፤ አንዴ ከጸደቀ ውሃ ብዙ አይለምንም። 1 ሜትር ላይ እየቆረጣችሁ ካሳጠራችሁት ለስላሳ ቅጠሉ ከእጅ አይርቅም፤ የኮንሶ ሰዎች ከጥንት የሚበሉት ነው። ለመሬት ሽፋንም ለምግብም ስኳር ድንች አለ፤ ከጤነኛ ሐረግ ሁለት ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ወስዳችሁ ግማሹን ቅበሩት፤ ሲስፋፋ መሬቱን ሸፍኖ አረሙን ያፍነዋል።

ለፍሬ ደግሞ ባሚያ ከቲማቲም ይመረጣል። ዘሩን ሌሊቱን ነክራችሁ በ60 በ30 ሳንቲ ሜትር ትከሉት፤ በሁለት ወር ማፍራት ይጀምራል። ፍሬው ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በየሁለት ቀኑ በቢላ ይቆረጥ፤ ካለፈ ቃጫው ይጠነክርና አይታኘክም፤ ተክሉም ሌላ ፍሬ ማውጣቱን ያቆማል። ከሁሉ ጠንካራ የሆነውን አንድ እግር ግን ሳትቆርጡ ተዉት፤ ፍሬው እዚያው ላይ ደርቆ ጎኑ ሲሰነጠቅ ለመጪው ዓመት ዘራችሁን ከእሱ ታወጣላችሁ።